መጽሐፉ ሳይደርስ ሳጥኑን መክፈት

ስለ ቀደምት ሳንቲሞች ዝርያ፣ ማለትም በአንድ ዓይነት ሳንቲም ላይ ስለሚታዩ የማተሚያ ልዩነቶች፣ አዲስ መጽሐፍ ሊወጣ ነው የሚል ወሬ በተነሳ ቁጥር ሰብሳቢው ሁለት ነገር ያቆማል፤ መግዛትና መመዝገብ። መግዛት ማቆሙ ክፋት የለውም። መጽሐፍ ሲወጣ ዋጋ ይናጋል፤ ትናንት ተራ የነበረው ብር በአንድ ፎቶ ምክንያት ይፈለጋል፣ ብርቅ የተባለው ደግሞ ከየሳጥኑ ወንድሞች ይወጡለታል። መመዝገብ ማቆም ግን ጉዳት ነው። መጽሐፉ ቁጥር ይሰጣችኋል እንጂ ሳንቲማችሁን አይመዝንላችሁም፣ ጠርዙን አዙሮ አያይላችሁም። አሁን ያልተጻፈ ነገር መጽሐፉ ሲመጣ በችኮላ ይጻፋል፤ በችኮላ የሚያይ ሰው ደግሞ ፎቶው ላይ ያለውን ሁሉ በገዛ ብሩ ላይ ያየው ይመስለዋል።

ለጅማ ሰው ነገሩ ይበልጥ ይጠብቃል። ሂርማታ በአባ ጅፋር ዘመን ከሩቅ የሚመጣ ሲራራ ነጋዴ የሚገናኝበት ገበያ ነበር፤ ጠገራ ብሩም (የማርያ ቴሬዛ ምስል ያለበት ትልቁ የብር ሳንቲም) አሞሌ ጨዉም እዚያ ይዘዋወር ነበር። ከ1936 እስከ 1941 እ.ኤ.አ. ጣሊያን ጅማን የደቡብ ምዕራቡ ግዛት ማዕከል ሲያደርግ፣ ሮም ላይ ራሱ ያሳተመውን ጠገራ ይዞ ነው የመጣው። ስለዚህ ከአንድ የአያት ሳጥን የወጡ አሥር ጠገራዎች ከተለያየ አገር የታተሙ ሊሆኑ ይችላሉ። መጽሐፍ "ብርቅ" ሲል ደራሲው ብዙ አላየውም ማለት ነው፤ የጅማን ሳጥን ደግሞ ማን አየው?

ከጠገራው እንጀምር። የኦስትሪያዋ ገዢ ማርያ ቴሬዛ የሞተችው በ1780 ነው፤ ከዚያ በኋላ የታተመው ሁሉ ያንኑ ዓመት ይዞ ቀረ። ቪየና፣ ሚላኖ፣ ቬኒስ፣ ፕራግ አትመውታል። ሮም ከ1935፣ ለንደን ከ1936 ጀምሮ፣ እንዲሁም ፓሪስ፣ ብራስልስ፣ ቦምቤይ፣ በርሚንግሃም ገብተውበታል። ሁሉም ላይ 1780 አለ፤ ሁሉም ላይ ከምስሏ ሥር "ኤስ" እና "ኤፍ" የሚሉ ሁለት የላቲን ፊደላት አሉ። ዓመቱ ምንም አይነግራችሁም። የሚነግሩት ጥቃቅኖቹ ናቸው።

የድሮ ነጋዴ ይህን ያውቅ ነበር። ብሩን ከመቀበሉ በፊት ዕንቁ ይቆጥራል፤ ትከሻዋ ላይ ያለው የጌጥ መርፌ ዙሪያውን ዘጠኝ ዕንቁ አለው፣ ዕንቁው ተፍቆ ካለቀ አልቀበልም ይላል። እናንተ ከእሱ በተጨማሪ የምታዩት፦ የራስ ጌጧ ላይ ያሉት ዕንቁዎች ብዛትና ጥራት፣ በጀርባው የንስሩ ጅራት ላባዎች ብዛትና አሰላለፍ፣ ከ1780 ቀጥሎ ያለችው የ"ኤክስ" ቅርጽ መስቀልና አጠገቧ ያለችው ነጥብ፣ የሁለቱ ፊደላት ነጥቦች። በጣም ያለቀ ብር ላይ ከጅራቱ ጀምሩ። ፀጉሯ፣ ጡቷና የትከሻ ጌጧ ከፍ ብለው ስለሚቆሙ ቀድመው ይፋቃሉ፤ ጅራቱና የዙሪያው ጽሑፍ ጠርዙ ስለሚከልላቸው ይተርፋሉ።

ጠርዙን የሚዘነጋ ሰው ግማሹን ጥሏል። ጠገራ ዙሪያውን በላቲን "ፍትሕና ምሕረት" የሚል ጽሑፍ በጌጥ ታጅቦ አለው፤ ፊደሉ ከፍ ብሎ የወጣ ነው እንጂ ወደ ውስጥ የተቆፈረ አይደለም። ብዙው የኛ ጠገራ በአንገት ላይ የዋለ ስለሆነ ጆሮ ተበይዶበት ይገኛል። ጆሮው ሲነቀል አንጥረኛው ያን ቦታ በሞረድ ያለሰልሰዋል፤ ፊደሎቹም እዚያው ይጠፋሉ። ቦታውን እንደ ሰዓት ጻፉት፦ "12 ሰዓት ላይ፣ 6 ሚሊ ሜትር የተሞረደ" ብላችሁ። ይህ ካልተጻፈ በኋላ የጠፋውን ፊደል እንደ አዲስ ዝርያ የሚቆጥር ሰው አይጠፋም።

የምኒልክ ገንዘብ ሌላ ዓለም ነው፤ በእኔ እይታ አዲስ መጽሐፍ በጣም የሚያስፈልገውም እዚህ ነው። የመጀመሪያው መያዣ ቀኑ ነው። በግዕዝ ቁጥር ስለተጻፈ የውጭ ሰው ይቸገራል፤ እኛም ግን ያለቀ ብር ላይ ፯ን፣ ፱ን እና ፭ን እናምታታለን። ፲፰፻፹፯፣ ፲፰፻፹፱ እና ፲፰፻፺፭ በአጉሊ መነፅር ካልታዩ አንዱ በሌላው ይነበባሉ። ከመጨረሻው ቁጥር በፊት ያለውን አስቀድሙ፤ ፹ ወይስ ፺ መሆኑ ከታወቀ ምርጫው ይጠብባል። ዓመቱ የኛ አቆጣጠር መሆኑንም አትርሱ፤ 1887 ማለት በፈረንጅ 1894/95 ነው። የውጭ ካታሎግ ላይ ሁለቱ ጎን ለጎን ካልተጻፉ የተሳሳተ መስመር ላይ ትገባላችሁ።

ሁለተኛው የማተሚያ ቤቱ ምልክት ነው። በ1887 እና በ1888 የተቀረጹት በጀርባቸው የፓሪስ ምልክት አላቸው፦ የበረከት ቀንድ፣ የላቲን "ኤ" ፊደል እና የበትር ነዶ። ከዚያ ቀጥሎ ባሉት ዓመታት የበትሩ ነዶ በችቦ ተተክቷል፣ "ኤ" ደግሞ ተትታለች። ምንም ምልክት የሌለው አዲስ አበባ የታተመ ነው። ደንቡ ቀላል ይመስላል፤ ሥራ ላይ ግን ያታልላል። ምልክቶቹ ጥቃቅን ስለሆኑ በአመድና በሎሚ የታሸ ብር ላይ ቶሎ ይጠፋሉ፤ ሻጩም "የአዲስ አበባ ነው" ብሎ ዋጋ ይጨምራል። ስለዚህ "ምልክት የለውም" ብላችሁ ከመጻፋችሁ በፊት ምልክቱ ሊኖር በሚገባው ቦታ ያለው የብሩ ወለል እንዴት ነው? እህል የመሰለ የመጀመሪያው ሸካራነቱ ካለና ምልክት ከሌለ፣ የለም ማለት ነው። ወለሉ እንደ መስታወት ከለሰለሰና ጥቃቅን ትይዩ ጭረቶች ካሉበት "ተፍቋል፣ አይታወቅም" በሉ። "አይታወቅም" ማለት ነውር አይደለም።

ሦስተኛው የአንበሳው እግር ነው፤ ብዙ ክርክር የሚነሳበት። በመጀመሪያው የአንድ ብር ቅርጽ አንበሳው የሚያነሳው ግራ የፊት እግሩን ነው፤ በኋለኛው፣ ለምሳሌ በ1895ቱ ብር፣ ቀኙን። ክርክሩ የሚመጣው "ግራ" የማን ግራ ነው ከሚለው ነው። የአንበሳው ግራ ነው እንጂ የተመልካቹ አይደለም። አንበሳው ፊቱን ወደ እኛ ግራ አዙሮ ስለሚሄድ ወደ እኛ የሚቀርበው ጎኑ ግራው ነው፤ እንግዲህ የተነሳው እግር ቅርቡ ከሆነ ግራ፣ ከወዲያ በኩል ያለው ከሆነ ቀኝ። መዝገባችሁ ላይ "ቅርቡ እግር" ወይም "የወዲያው እግር" ብትሉ ማንም አይሳሳትም። አዲሱ መጽሐፍ የትኛውንም ስያሜ ቢጠቀም መተርጎሙ ቀላል ነው።

ግርሹ ላይ አንድ ነገር ብቻ። ክብደቱ 1.40 ግራም ነው፣ የብር ሃያኛ። ከ1903 እ.ኤ.አ. ገደማ ወዲህ ግን ሒሳቡ 16 ግርሽ በአንድ ብር ሆነ፣ ቤሳውም 32። ከዚያ በፊት 20 እና 40 ነበር። "ቤሳ ቤስቲን የለኝም" የምንለው ያቺን ቤሳ ነው። አሮጌ ዝርዝር ላይ አንዱ ጋ ሃያኛ ሌላው ጋ አሥራ ስድስተኛ ተብሎ ብታገኙ፣ ሁለት ሳንቲም ነው ብላችሁ ሁለት የመዝገብ ካርድ አትክፈቱ፤ መጀመሪያ መዝኑት።

ስለ መመዘን። የወርቅ ቤት ሚዛን ዓይነት፣ እስከ 200 ግራም የሚይዝና 0.01 ግራም የሚለይ ይበቃል። ጠገራም የምኒልክ ብርም 28.07 ግራም ገደማ ናቸው፤ አላዱ (ግማሽ ብሩ) 14.04፣ ሩቡ 7.02። በእጅ ብዛት የሳሳ ብር 27.6 ቢል አትደንግጡ። ክብደት ብቻውን ግን አያድንም፤ አስመሳዩም ሚዛን አለው። ብረቱን የሚያጋልጠው ውሃ ነው።

ብሩ ሳይነካው የሚዘረጋበት፣ አፉ 6 ሴንቲ ሜትር ያህል የሆነ ቀላል የፕላስቲክ ኩባያ ውሃ ጨምራችሁ ሚዛኑ ላይ አስቀምጡ፤ ከነውሃው 150 ግራም አይለፍ። አንድ ጠብታ ፈሳሽ ሳሙና ጨምሩበት። ሚዛኑን ዜሮ አድርጉ። ብሩን በቀጭን የስፌት ክር እሰሩና ሙሉ በሙሉ ውሃው ውስጥ አንጠልጥሉት፤ ታችም ጎንም አይንካ። የሚነበበው ቁጥር ብሩ የገፋው ውሃ ነው። ከ1000 እጅ 833 ወይም 835 ብር፣ ቀሪው መዳብ የሆነ ቅይጥ በሴንቲ ሜትር ኩብ 10.2 ግራም ገደማ ስለሚመዝን፣ 28.07 ግራም ብር 2.75 ማሳየት አለበት። ብር የተቀባ መዳብ 3.13 ይላል፤ የነሐስ ዘር ከሆነ 3.2 እና 3.3 ይደርሳል። ክብደቱ የሳሳ ከሆነ ክብደቱን ለ10.2 አካፍላችሁ አወዳድሩ፤ 27.6 ለምሳሌ 2.71 ይሰጣል።

የሚበላሸው በሁለት መንገድ ነው። ፊደሎቹ መካከል የተጣበቀ የአየር አረፋ ንባቡን ከፍ ያደርግና ደህናውን ብር ሐሰተኛ ያስመስለዋል፤ ሳሙናው ለዚህ ነው። ብሩ ታች ከነካ ደግሞ ቁጥሩ በአንዴ ይዘላል። ሦስት ጊዜ ለኩ፤ ሦስቱ በ0.02 ውስጥ ካልተገናኙ እንደገና። የተበሳና በሌላ ብረት የተደፈነ ብር ላይ ይህን ፈተና አትመኑ። ደግሞም ውሃ ሐሰተኛውን ከእውነተኛው ይለያል እንጂ የለንደኑን ከቪየናው አይለይም፤ ብረታቸው አንድ ነው።

ፎቶ። የክረምቱ የጅማ ደመና ለአጠቃላይ ምስል ግሩም መስኮት ነው፣ ጥላ የለውም። ጥላ ባለመኖሩ ግን ላባና ዕንቁ ይደፈጠጣሉ። ሁለት ፎቶ አንሱ፦ አንዱን በመስኮት ብርሃን፣ ሁለተኛውን በአንድ አምፖል፣ ከላይ በግራ በኩል ዝቅ ብሎ ከጎን እንዲመታው አድርጋችሁ። ስልኩን 20 ሴንቲ ሜትር ያህል አርቃችሁ ሁለት እጥፍ አቅርቡ፤ በጣም ሲጠጉ ክቡ ይንጋደዳል። ማሳመሪያውን አጥፉ፣ ጭረት እያለሰለሰ ይዋሻል። ጠርዙን በሦስት ፎቶ ዙሩት።

ዝርያ ፈላጊ በብዛት የሚሸወደው እዚህ ነው፦ ፎቶ ላይ የሚታይ መስመር ሁሉ ዝርያ አይደለም። ከወለሉ ከፍ ብሎ የወጣ ክር ከተሰነጠቀ ማተሚያ ብረት የመጣ ነው፤ በዚያው ብረት የታተሙ ሌሎች ብሮችም ላይ ይገኛል፣ ስለዚህ ይመዘገባል። ወደ ውስጥ የገባ መስመር ጭረት ነው። ለመለየት አምፖሉን ከግራ ወደ ቀኝ አዙሩት፤ አብሮት ያለውን ፊደል እዩ። የመስመሩ ጥላ ከፊደሉ ጥላ ጋር በአንድ በኩል ከወደቀ ወጥቷል፣ በተቃራኒው ከሆነ ገብቷል።

አቀማመጡን በአጭሩ። ለስላሳና ሽታ ያለው ፕላስቲክ በእርጥበት ጊዜ አረንጓዴ ልጋግ ያወጣል፤ ጎማ፣ ሱፍና ጋዜጣ ብርን ያጠቁራሉ። ጠንካራ የሳንቲም ማቀፊያ (ካፕሱል)፣ ጥብቅ ክዳን ያለው ሳጥን፣ ውስጡ 20 ወይም 30 ግራም እርጥበት የሚመጥ ሲሊካ ጄል ይበቃል፤ ፍሬው ቀለም ሲለውጥ አድርቁት። ልጋጉ ከወጣ ንጹሕ አሴቶን በብርጭቆ ዕቃ፣ ከእሳት ርቆ፤ ሽቶና ዘይት የተጨመረበት የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ አይሆንም። ከዚያ በቀር አትጠቡ፣ አትሹ። ጥቁረቱ ላባውን አይጎዳውም፣ አመዱ ግን ይበላዋል።

የመጽሐፍ አዘጋጅ ናሙና ሲጠይቅ ሳንቲሙን ሳይሆን ፎቶውንና ልኩን ላኩ። በቅርስ ጥናትና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር አይወጣም፤ የአክሱም ሳንቲም ያለው ሰው በተለይ ይህን ያስብ።

ካርዱ ላይ የሚሰፍረው፦ የራሳችሁ ተራ ቁጥር፣ ክብደት፣ የውሃ ንባብ፣ በካሊፐር ሁለት ቦታ የተለካ ስፋት፣ ቀን በግዕዝ እንደሚታየው፣ ምልክት፣ እግር ወይም ጅራት፣ የጠርዝ ሁኔታ፣ ጉዳት ከነሰዓቱ፣ ከየት እንደመጣ። "ከሰቃ፣ ከአንገት ጌጥ የተፈታ፣ ከሰባት ጋር" የሚል አንድ መስመር የትኛውም መጽሐፍ ውስጥ የማይገኝ ነው፤ ከሰባቱ ጋር የነበረውን ለብቻው ነጥላችሁ ከሸጣችሁት ደግሞ መረጃው አብሮ ይሄዳል። ይህ ሁሉ በቀለም ይጻፍ። የመጽሐፉ ቁጥር የሚገባበትን ዓምድ ባዶ ተዉት፤ ሲመጣም በእርሳስ ሙሉት፣ ሁለተኛው እትም ቁጥሩን ይቀይረዋልና።