ለጋራ የሰላም ጸሎት የሚሆን ዝማሬ፦ ጎንደር ላይ እስካሁን የሠራውና ያልሠራው

በሰላም ጸሎት መርሐ ግብር ላይ ዝማሬ ለምታዘጋጁ ሁሉ። ከመጀመሪያዎቹ ልምምዶች ወዲህ የተለወጠው ዋናው ነገር አንድ ነው፦ የኖረ መዝሙርን ወይም መንዙማን «ለሁሉም እንዲሆን» ብሎ ማረም ፈጽሞ ቀርቷል። አሁን እያንዳንዱ ወገን የራሱን በራሱ አፍ፣ ቃሉ ሳይነካ ያቀርባል። አዲስ የሚደረሰው ሁሉም አብሮ የሚቀበለው አንድ አጭር ምላሽ ብቻ ነው።

ማረሙ ያልሠራበት ምክንያት ግልጽ ነው። በታወቀ መዝሙር ውስጥ «ጌታ» ያለውን «ፈጣሪ» ብሎ መተካት ወረቀት ላይ ይቀላል። ሲዘመር ግን አፍ የለመደውን ይላል፤ ግማሹ የድሮውን፣ ግማሹ አዲሱን ይዞ መሀል ላይ ይጋጫል። ቀለሙም (የቃሉ ክፍለ ድምፅ) አይገጥምም፤ «ጌታ» ሁለት፣ «ፈጣሪ» ሦስት ቀለም ስለሆነ ዜማው ይንገዳገዳል። ከዚህ ሁሉ የሚከፋው የመዝሙሩ ባለቤቶች እምነታቸው የተፋቀ ያህል እንዲሰማቸው መሆኑ ነው። ከመንዙማ የሰለዋቱን (በነቢዩ ላይ የሚወርደውን ውዳሴ) ስንኝ ማውጣትም ያው ነው። የሚያዝያ 2014ን የሙስሊምና የክርስቲያን ግጭት ላየች ከተማ ደግሞ እንዲህ ያለው ቅሬታ ትንሽ ነገር አይደለም።

አሁን የሚሠራበት ምላሽ ይህ ነው፦ «ፈጣሪ ሆይ፣ ምሕረትህ አይለየን።»

«ፈጣሪ» የተመረጠው ክርስቲያኑም ሙስሊሙም በየቤቱ በየዕለቱ የሚለው ቃል ስለሆነ ነው። በዐረብኛም «ፋጢር» አለ፤ የቁርኣን 35ኛው ሱራ የሚጠራው በዚሁ ስም ነው። «ምሕረት» በዳዊት መዝሙር ሲደጋገም፣ «ረሕማ» (ያው ምሕረት) ደግሞ በእስልምናው በኩል ከሚዘወተሩት ቃላት አንዱ ነው። ማንም ቃሉን ተበድሮ የሚናገር አይመስለውም።

የከበደው «አይለየን» ነበር። ጎንደር የቅኔ አገር ነው፤ አድማጩ ሰሙን ሰምቶ ወርቁን ሳይፈልግ አይተውም። ስለዚህ ማንኛውም የጋራ ስንኝ ከመጽደቁ በፊት በሁለት የቅኔ ዐዋቂና በሁለት የመንዙማ ዐዋቂ ፊት ይነበብ፤ ያላሰባችሁት ፍቺ የሚወጣው እዚያ ነው። «አይለየን» ላይ ለ ጠብቆ ሲነበብ «ምሕረትህ ከእኛ አይራቅ» ይሆናል። ላልቶ ሲነበብ ደግሞ «አንዱን ከሌላው አይለይ፣ አያበላልጥ» የሚል ይወጣል። ሁለቱም ለጉባኤው የሚስማማ ስለሆነ አለፈ። ዜማው ለሁለቱም ቦታ እንዲኖረው ለ ላይ ድምፁ አይጎተትም።

ዜማው የትዝታ አምስት ድምፆች (ዶ ሬ ሚ ሶል ላ) ላይ ነው። ከያሬድ ዜማ ዓይነቶች አንዱ ከሆነው ከአራራይ ጋር ስለሚቀራረብ ለቤተ ክርስቲያን ሰው ጆሮ ባዕድ አይሆንም፤ ልምምድ የሌለው ሕዝብም ቶሎ ይይዘዋል። አንቺሆዬ የሚባለው ቅኝትም ተሞክሯል፤ ግማሽ ድምፆቹ በብዙ ሰው አፍ ወዲያው ይሟሟሉ። አካሄዱ በየቀለሙ እንዲህ ነው፦

ፈ–ጣ–ሪ–ሆይ፦ ሶል ሶል ላ ሶል
ምሕ–ረ–ትህ፦ ሚ ሶል ሚ
አይ–ለ–የን፦ ሬ ሬ ዶ

ከዶ እስከ ላ ብቻ ስለሆነ ማንም ይደርስበታል፤ መነሻው ከተጠበቀ። ዶ በኪቦርድ ዲ ላይ ይሁን፤ ስለዚህ መሪው የሚያንጎራጉረው የመጀመሪያ ድምፅ ኤ ነው። በስልክ መቃኛ አስቀድሞ ይስማውና ይያዘው። መሪው ሞቅ ብሎት ዶን ጂ ላይ ካደረገው ላ ኢ ላይ ይወጣል፤ ያኔ ወንዶቹ ወይ ይጮኻሉ ወይ አንድ ኦክታቭ ይወርዳሉ፤ ምላሹም ለሁለት ይሰነጠቃል። እስካሁን ምላሽ የተበላሸው በአብዛኛው በዚህ ነው።

ዜማውን በድፋት፣ በሂደትና በቅናት ምልክት አትጻፉት። የያሬድ ምልክት ከተጻፈበት እንደ ቤተ ክርስቲያን ዜማ ይታያል፤ መሪጌቶቹም ከየት እንደመጣ መጠየቃቸው ተገቢ ነው። ቃሉን ደብቃችሁ ዜማውን ብቻ ከየወገኑ ለጥቂት ሰዎች አሰሙና «ይህ የምን ዜማ ነው?» በሉ። አንድ ሰው እንኳ የወረብ፣ የመንዙማ ወይም የዘፈን ስም ከጠራ ይለወጥ።

ምላሹ በድምፅ ብቻ ነው፤ ከበሮ፣ ድቤ፣ ኪቦርድ፣ ጭብጨባ የለም። መሪው ባለሁለት መስመር ልመና በንባብ ያሰማል፤ ስለ ዝናብ፣ ስለ ታመሙት፣ ስለ ተፈናቀሉት። ሕዝቡም ምላሹን ሁለት ጊዜ ይቀበላል። ልመናው 12 ሰከንድ፣ አንዱ ምላሽ 8 ሰከንድ ቢወስድ ሰባቱ ልመናዎች ከሦስት ደቂቃ ብዙም አያልፉም። ሰባት የሆነው በምክንያት ነው፤ 41 እግዚኦታን (የቤተ ክርስቲያኑን «እግዚኦ» ልመና)፣ 33 ተስቢሕን (የሙስሊሙን ውዳሴ) ያስታውሳልና የአንዱ ሥርዓት ቅጂ እንዳይመስል።

ምላሹን የሚይዙ 12 ሰዎች ይበቃሉ፤ ግን መድረክ ላይ አይሰለፉ። በየረድፉ በሕዝቡ መካከል ይበተኑ። መድረክ ላይ ሲቆሙ ሕዝቡ ተመልካች ይሆናል። የሦስት ቀን የ40 ደቂቃ ልምምድ በቂ ነው፤ ሦስተኛው ቀን «የን» የሚለውን መጨረሻ አብሮ መቁረጥ ላይ ይዋል። እሱ ካልተለመደ ግማሹ ሲጎትት ቀጣዩ ልመና ይሸፈናል።

አብሮ መጸለይን ሥርዓታቸው የማይፈቅድላቸው አባቶችና ዑለማዎች አሉ። ይህ መከበር አለበት። መድረክ መሪው «ሁላችንም እንበል» አይበል፤ «መቀበል የሚፈልግ ይቀበል» ይበል። ዝም ያለውን ሰው ሌላው እንዳይታዘበው ካሜራው በምላሹ ጊዜ ፊት ላይ አይጠጋ።

ስለ የየራሱ ክፍል ባጭሩ። የማኅሌት ወረብ ከቁም ዜማ (በዝግታ ከሚባለው) ተነስቶ በመረግድ አልፎ ወደ ጽፋት (ጭብጨባ ወዳለበት ፈጣኑ) ሲሄድ ጊዜ ይወስዳል፤ መሀል ላይ «ጊዜ አልቋል» ብሎ ማስቆም ነውር ነው። ስምንት ደቂቃ ብቻ ካለ ይህን ለመሪጌታው አስቀድሞ መንገር፣ ምን እንደሚመጥን እሱ ይምረጥ። በዐቢይ ጾም ከበሮና ጸናጽል ስለማይነሱ በዚያ ወቅት በገና ይሻላል። በገና አሥር አውታር ስላለው መቃኘቱ ረጅም ነውና መጀመሪያ ላይ ይግባ፤ ማይኩ ከብርኩማው (አውታሮቹን ከሚደግፈው እንጨት) አንድ ስንዝር ያህል ይራቅ። ከመንዙማ መሀል ያሉ ስንኞችን መቀነስ ይቻላል፤ መክፈቻው ምስጋናና መዝጊያው ዱዓ ግን አይቆረጡም።

የቁርኣን ቂርኣት (ንባብ) ዝማሬ አይደለም፤ በፕሮግራሙ ወረቀት ላይም «ዝማሬ» ተብሎ አይጻፍ። ከሥሩ ኪቦርድ አይገባም፣ ሲያልቅም አይጨበጨብም። በጣም የሚረሳው የድምፅ ማሽኑ ኢኮ ነው። ከመዝሙሩ እንደተከፈተ ይቆይና መዱን (የሚሳበውን ድምፅ) ከቀጣዩ ፊደል ጋር ያደባልቀዋል፤ ተጅዊድን (የቁርኣን አነባበብ ሕግን) ለሚያውቅ ጆሮ ይህ ስቃይ ነው። ባለሙያው አጠገብ አንድ ሰው ቆሞ ያጥፋው።

የዳዊት መዝሙር ሲመረጥ ቁጥሩን አረጋግጡ። «ምሕረቱ ለዘላለም ነውና» የሚለው በግእዙ ዳዊት 135፣ በብዙ የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ 136 ነው። 26 ቁጥር ሁሉ በዚያው ስለሚያልቅ ለቅብብል የሚያህለው የለም። ግእዙ «እስመ ለዓለም ምሕረቱ» ደግሞ ለኦርቶዶክሱም፣ ጸሎቱ በግእዝ ለሆነው ለቤተ እስራኤልም ቅርብ ነው። ቁጥሩ ሲምታታ አንዱ ወገን ሌላ መዝሙር አጥንቶ ይመጣል።

ሰዓቱ ዐሱር (የከሰዓቱ ሶላት) ከተሰገደ በኋላ ከ10፡00 እስከ 11፡30 ይሁን፤ ከመግሪብ (ፀሐይ ስትጠልቅ ከሚሰገደው) በፊት ያልቃል። ዓርብና ቅዳሜ ባይሆን ይመረጣል፤ ጁሙዓ አለ፣ ሰንበትም አለ። የሚታደለው ወረቀት ላይ የቁርኣን አንቀጽ በዐረብኛ ወይም ሥዕለ አድኅኖ (የቤተ ክርስቲያን ቅዱስ ሥዕል) አይታተም፤ መሬት ላይ ይወድቃል፣ ይረገጣል። ምላሹ አንድ መስመር ስለሆነ ወረቀትም አያስፈልገውም። መሪው ሁለት ጊዜ ቢለው ሕዝቡ ይይዘዋል።

ገና ያልተፈታው የሴት መሪ ድምፅ ጉዳይ ነው። ለሴት ምቹው መነሻ (ዶ) ከዲ ከፍ ይላል፤ ወንዶቹ ደግሞ በዚያ አይመቻቸውም። ቀጥሎ የሚሞከረው ልመናውን ሴት አንብባ ምላሹን ወንድ በኤ እንዲያነሣ ነው።