ልጆች የሚያውቁትና የማይናገሩት

አሜሪካዊው የልጆች መጻሕፍት ደራሲና ሠዓሊ ሞሪስ ሴንዳክ የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪ መሆኑን በአደባባይ የተናገረው እ.ኤ.አ. በ2008፣ በ80 ዓመቱ፣ ለኒውዮርክ ታይምስ በሰጠው ቃለ ምልልስ ነው። የሥነ አእምሮ ሐኪም ከነበረው ከዩጂን ግሊን ጋር 50 ዓመት ያህል አብሮ ኖሯል፤ ግሊንም ያረፈው ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ነበር። ወላጆቹ ግን እስከ ዕለተ ሞታቸው ድረስ ነገሩን አላወቁም። እኔ ይህን ካነበብኩ ወዲህ ደጋግሜ የማስበው ዝምታን ስለተማረበት ቤት ነው፤ ለልጆች የጻፋቸው ታላላቅ ታሪኮች ከዚያው ቤት የወጡ ይመስሉኛልና።

ሴንዳክ በ1928 ብሩክሊን ውስጥ፣ ከፖላንድ ከተሰደዱ አይሁዳውያን ቤተሰብ ተወለደ። በሽታ የማይለየው ልጅ ስለነበር የሰፈሩን ልጆች ጨዋታ በመስኮት እያየ ይሥል ነበር። አራት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው የዝነኛው አውሮፕላን አብራሪ የቻርልስ ሊንድበርግ ሕፃን ልጅ ተሰርቆ ሞቶ ተገኘ። ሴንዳክ እንደሚተርከው፣ የአስከሬኑን ፎቶግራፍ ጋዜጣ ላይ በዓይኑ አይቶ ሲናገር ወላጆቹ አላየህም ብለው ተከራከሩት። 13 ዓመት ሞልቶት ባር ሚትስቫው (አይሁዳዊ ልጅ ለአካለ መጠን መድረሱ የሚከበርበት ሥርዓት) በተከበረበት ዕለት ደግሞ አባቱ ፖላንድ የቀሩትን ቤተሰቦቹን መርዶ ሰማ። ልጅ ሳለ አስፈሪ ነገሮችን ያውቅ እንደነበር፣ ማወቁን ትልልቆቹ ቢደርሱበት ግን እንደሚደነግጡ ስለገባው ይደብቃቸው እንደነበር በኋላ ተናግሯል። ልጁ ወላጆቹን ከድንጋጤ ይጠብቃል ማለት ነው። ስለ ፍቅሩ ዝም ያለውም በዚሁ ልማድ ይመስለኛል፤ በእርግጥ የእንጀራ ጉዳይም ነበረበት፤ በወጣትነቱ ዘመን ይህ የታወቀበት የልጆች ደራሲ ሥራ ማግኘቱ አጠራጣሪ ነበር።

በ1963 ታትሞ በማግስቱ ዓመት አሜሪካ ውስጥ ለልጆች የሥዕል መጻሕፍት የሚሰጠውን የካልደኮት ሜዳሊያ የተሸለመውን፣ ማክስ የተባለው አጥፊ ልጅ ወደ አውሬዎች ደሴት በመርከብ የሚሄድበትን «Where the Wild Things Are» የተሰኘውን መጽሐፍ ለልጄ ሳነብላት የማየው ይህንኑ ነው። አውሬዎቹ የተሣሉት እሑድ እሑድ እየመጡ ጉንጩን በሚቆነጥጡት፣ ጥርሳቸው በተበላሸና አፍንጫቸው ጠጉራም በሆነው ዘመዶቹ አምሳያ ነው። (እኛም ቤት አክስቶች ሕፃን አቅፈው «ልብላህ!» ይላሉ፤ ልጁ ምን እንደሚያስብ የጠየቀው የለም።) ሥዕሎቹ ገጽ በገጽ እየሰፉ ሄደው ጭፈራው ሲደራ ቃል የሚባል ነገር ይጠፋል፤ ማክስ ወደ ቤቱ ሲመለስ ደግሞ እየጠበቡ ይመጣሉ፤ የመጨረሻው ገጽ ላይ ሥዕል የለም፤ እራቱ ገና ትኩስ እንደነበር የሚናገሩ ጥቂት ቃላት ብቻ አሉ። እናትየዋ አንድም ቦታ አልተሣለችም። ልጇን ያለ እራት ወደ መኝታ ትልከዋለች፤ በመጨረሻም ያበላችው እሷ መሆኗን በመጨረሻው ሥዕል ጠረጴዛው ላይ ከሚታየው ሳህን እንረዳለን፤ የት ነበርክ፣ ምን ሆንክ የሚል ጥያቄ የለም።

ሥነ ልቦና አዋቂው ብሩኖ ቤትልሃይም በ1969 ይህችን እናት ክፉኛ ነቅፏታል፤ ያለ እራት መተኛት ለሕፃን ከመጣል አይለይም ባይ ነበር፤ መጽሐፉን ግን ራሱ አላነበበውም። ቢያነብበው ኖሮ ሳህኑን ያየው ነበር። እኔ ከሳህኑ የማነበው፣ ምስጢሩን ሳይናዘዝም ቢሆን ወደሚወዱት ሰዎች የመመለስ ምኞትን ነው። ሴንዳክ ራሱ መጽሐፉን እንዲህ ተርጉሞታል ማለቴ አይደለም፤ የደራሲን ሥራ ሁሉ በፍቅሩ ብቻ መፍታትም ስንፍና ነው፤ በሽታውም፣ ስደቱም፣ መርዶውም በእኩል ሠርተውታል። በመጻሕፍቱ ውስጥ ወንድን የሚያፈቅር ወንድ አልጻፈም። የጻፈው ትልልቆች የማያውቁለት ዓለም ያለውን ልጅ ነው፤ እንዲህ ያለ ልጅ ደግሞ በየቤቱ አለ።

ግሊን በቤታቸው በሞት አፋፍ ላይ ሳለ ሴንዳክ ይሠራው የነበረውና በ2011 የታተመው መጽሐፉም ልደቱ ተከብሮለት ስለማያውቅ ወላጅ አልባ የአሳማ ግልገል ነው። ግልገሉ አክስቱ ሳታውቅ ድግስ ይደግሳል፤ እሷም ደርሳ እንግዶቹን ታባርራለች፤ ከዚያ ግን ይቅር ትለዋለች። በ83 ዓመቱም ሴንዳክ ተቆጥታ ይቅር የምትል ሴትን ይጽፍ ነበር፤ በዚህኛው ግን ፊቷን ሥሏታል።