ከማንኪያ ወደ ግራም፦ የጸጉር ቅባቴ አዲሱ ሒሳብ

የጸጉር ቅባት አሠራሬን ከማንኪያ ወደ ግራም እያዛወርኩ ነው። ለራሴ ብቻ ስሠራ ማንኪያ ይበቃኝ ነበር። ዘመድ ጎረቤቱ «ለእኔም ሥሪልኝ» ማለት ሲጀምር ግን ሁሌ አንድ ዓይነት እንዲወጣልኝ ፈለግኩ። እስካሁን የደረስኩበትን ላካፍላችሁ።

ሒሳቡ ቀላል ነው፤ ሚሊ ሊትሩን በዘይቱ እፍግታ ማባዛት። አዎ፣ ያቺ ትምህርት ቤት የተማርናት እፍግታ፤ አንድ ሚሊ ሊትር ስንት ግራም እንደሚመዝን ማለት ነው። ውሃ 1 ነው። የጉሎ ዘይት 0.96፣ የኮኮናት 0.92፣ የወይራ 0.91፣ ጆጆባ 0.865 አካባቢ ናቸው። ግሊሰሪን ግን 1.26 ነው፣ ከውሃም ይከብዳል። «100 ሚሊ ማለት 100 ግራም» የሚባለው እንግዲህ ለውሃ ብቻ ነው።

የድሮው አሠራሬ 2 የሾርባ ማንኪያ ጉሎ፣ 3 ኮኮናት፣ 1 ጆጆባ ነበር። ማንኪያው 15 ሚሊ ይይዛል። ስለዚህ ጉሎው 28.8 ግራም፣ ኮኮናቱ 41.4፣ ጆጆባው 13 ሆነ። ድምሩ 83.2። በመቶኛ 35፣ 50፣ 15 ገደማ ይመጣል። አሁን ደብተሬ ላይ ያለው ይኼ ብቻ ነው። 200 ግራም መሥራት ካሰኘኝ 70፣ 100፣ 30 እመዝናለሁ፣ አለቀ።

የጉሎ ዘይት ግን ሒሳብም አይገዛውም። ወፍራም ስለሆነ ማንኪያው ላይ ተለጥፎ ይቀራል። በስሌት አንድ ማንኪያ 14.4 ግራም ነው፤ ሳህኑ ውስጥ የሚገባው ግን ከዚያ ያንሳል። ስለዚህ ሳህኑን ሚዛን ላይ አስቀምጬ ዜሮ አደርገዋለሁ፣ ከጠርሙሱ በቀጥታ አንቆረቁራለሁ። የሚታጠብ ማንኪያም ቀረልኝ!

ኮኮናት የሚቀልጠው 24 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ አዲስ አበባ ላይ ብዙ ጊዜ ረግቶ ነው የሚገኘው። የረጋውን በማንኪያ ስትዝቁት መሀሉ አየር ይይዛል። የተፈቀፈቀ ሰም ደግሞ ይብሳል። እዚህ ጋ እፍግታ ምንም አይረዳም፣ መመዘን ብቻ።

በአሜሪካኖች አሠራር የምትሠሩ ደግሞ አውንስ ሁለት ዓይነት መሆኑን ልብ በሉ። የፈሳሹ 29.57 ሚሊ ነው፣ የክብደቱ 28.35 ግራም። በአጋጣሚ ለጉሎ ዘይት ሁለቱ ይገጥማሉ፤ አንድ የፈሳሽ አውንስ ጉሎ 28.4 ግራም ገደማ ይመዝናል። ብዙ ሰው ልዩነት የሌለ የሚመስለው ከዚህ ይመስለኛል። ጆጆባ ላይ ያው አውንስ 25.6 ግራም ነው።

ለቅባት እንኳ ትንሽ ቢዛነፍ ማንም አይጎዳም። ሳሙና የምትሠሩ ግን ቀልድ የለም። 100 ግራም ኮኮናት ሙሉ በሙሉ ሳሙና እንዲሆን 18.3 ግራም ገደማ ኮስቲክ ሶዳ ይፈልጋል። 100 ሚሊ ለክታችሁ 100 ግራም ነው ካላችሁ ዘይታችሁ 92 ግራም ብቻ ነው፣ የሚበቃውም 16.8 ነው። ትርፉ ሶዳ ቆዳ ላይ ነው የሚያርፈው።

ሚዛን ስትገዙ የወጥ ቤቱ በ1 ግራም የሚቆጥረው ለዘይቶቹ ይበቃል። ለሽታ ዘይት ግን እስከ 0.1 ወይም 0.01 የሚያነብ ትንሽ ሚዛን ያስፈልጋል።

እፍግታውን የማታውቁት ዘይት ከገጠማችሁ መርፌ የሌለው ትልቅ ሲሪንጅ ከፋርማሲ ግዙ። ባዶ ብልቃጥ ሚዛን ላይ ዜሮ አድርጉ፣ 50 ሚሊ ዘይት ጨምሩበት፣ የወጣውን ግራም ለ50 አካፍሉ። 46 ካነበበ 0.92 ነው። በ10 ሚሊ አትሞክሩት፤ የ1 ግራም ሚዛን ልዩነቱን አያሳያችሁም።