ማደንዘዣው ሊዶኬይን አልይዝ ሲል

ኤለርስ ዳንሎስ (ቆዳንና መገጣጠሚያን የሚያላላ የዘር ሕመም) ያለበት ታካሚ «መርፌው አልያዘኝም» ካለ እመኑት። ፈርቶ ነው ማለት በደል ነው፤ በዚህ ሕመም ማደንዘዣ መድከሙ ወይም ቶሎ መልቀቁ የታወቀ ነው። ከወጋችሁ በኋላ 10 ደቂቃ ጠብቁ፣ ከመቁረጣችሁ በፊት በመርፌ ጫፍ ፈትሹ። ስትደግሙ ድምሩን ያዙ። 2 ፐርሰንት ሊዶኬይን በአንድ ሚሊ ሊትር 20 ሚሊ ግራም አለው። ያለ አድሬናሊን ጣሪያው በኪሎ 4.5 ሚሊ ግራም ስለሆነ፣ 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 270 ሚሊ ግራም፣ ማለትም 13.5 ሚሊ ሊትር ነው። አደጋው እዚህ ላይ ነው፦ አልያዘም እየተባለ በላይ በላዩ ሲጨመር መድኃኒቱ ደም ውስጥ ይጠራቀማል። ምላስ ከደነዘዘ ወይም ጆሮ ከጮኸ ወዲያው አቁሙ፤ ቀጥሎ መንቀጥቀጥ ይመጣል። ለዚህ መመረዝ በደም ሥር የሚሰጠው 20 ፐርሰንት የስብ ኢሙልሽን ከአጠገባችሁ አይጥፋ፤ መነሻው በኪሎ 1.5 ሚሊ ሊትር ነው። ፕላስተር ደግሞ የእነዚህን ታካሚዎች ቆዳ ይገነጥላል፣ በፋሻ እሰሩ።