ክሬዲቱን ሳታስቆጥሩ እንዳትፈርሙ፦ ወንድሜን በትራንስፈር ፖርታል ያዛወርንበት መንገድ

ልጃችሁ ወይ ወንድማችሁ እዚህ አሜሪካ በኮሌጅ ፉትቦል የሚጫወት ከሆነ ወይ ሃይስኩል ጨርሶ ሊገባ ከሆነ ይሄን እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ። ትራንስፈር ፖርታል ማለት ትምህርት ቤት መቀየር የፈለገ ተጫዋች ስሙ የሚመዘገብበት የኦንላይን ዝርዝር ነው፣ ክሬዲት ደግሞ በየኮርሱ የሚያገኘው ወደ ዲግሪው የሚደመር ነጥብ ነው። እኛን ቀድሞ የነገረን ሀበሻ አልነበረም። በኛ ሰው ቤት ፉትቦል ማለት አርሰናልና ማንቼ ነው፣ ይሄኛውን የአሜሪካኑን የሚያውቅ ከየት ይመጣል። እኔ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ታክስ እሰራለሁ፣ ቤተሰቡ ውስጥ ወረቀት የሚያገላብጠው እኔ ስለሆንኩ የወንድሜም ጉዳይ እኔው ላይ ወደቀ።

ወንድሜ ኮርነርባክ ነው፣ የተጋጣሚን ኳስ ተቀባይ እግር በእግር እየተከተለ ኳሷን እንዳይዝ የሚያደርግ ተከላካይ ማለት ነው። በ2022 ሙሉ ስኮላርሺፕ ይዞ ገባ፣ የመጀመሪያውን ዓመት ሬድሸርት ሆኖ (የመጫወቻ ዓመቱ ሳይቆጠርበት) ሳይጫወት አሳለፈ፣ ከዛ ቀስ በቀስ መሰለፍ ጀመረ። የ2024 ሲዝን ሲያልቅ ዋናው አሰልጣኝ የተሻለ ወደሚከፍለው ቦታ ሄደ። ልጆቹ ዜናውን እንደማንኛውም ሰው ስልካቸው ላይ ነው ያዩት። ሰውዬው እኮ ቤታችን ድረስ መጥቶ፣ እማዬ የሰራችውን ዶሮ ወጥ በልቶ፣ "ልጅሽን እንደ ልጄ ነው የማየው" ብሏት የሄደ ነው። አንድ ስልክ እንኳን አልደወለም። እማዬ እስካሁን ስሙ ሲነሳ ፊቷ ይለዋወጣል።

ግን የሱ ጠባይ ብቻ አይደለም፣ ሥርዓቱ ራሱ እንዲህ ሆኗል። ጃንዋሪ 2024 ዝነኛው አሰልጣኝ ኒክ ሳባን ከአላባማ ዩኒቨርሲቲ ጡረታ ሲወጣ አላባማ ካለን ዲቦርን ከዋሽንግተን አመጣ፣ ዋሽንግተን ጄድ ፊሽን ከአሪዞና ወሰደ፣ አሪዞና ደግሞ ብሬንት ብሬናንን ከሳን ሆዜ ስቴት። አንድ ሰው ጡረታ በመውጣቱ አራት ካምፓስ ላይ ያሉ ልጆች የመለመላቸውን አሰልጣኝ አጡ። የአላባማው ተከላካይ ኬለብ ዳውንስ ያኔ ነው ወደ ኦሃዮ ስቴት የሄደው። ኖቬምበር 2025 ላይ አሰልጣኝ ሌን ኪፊን የኦሌ ሚስን (የሚሲሲፒ ዩኒቨርሲቲን) ቡድን ለሻምፒዮናው ጥሎ ማለፍ (ፕሌይኦፍ) እየተዘጋጀ ባለበት ሰዓት ትቶት ወደ ሉዊዚያና ስቴት (ኤልኤስዩ) ሄደ። ከዛ በኋላ ቲቪ ላይ ቁጭ ብለው "የዘንድሮ ተጫዋች ታማኝነት የለውም" የሚሉትን ስሰማ በጣም ነው የምናደደው። ድሮ ተጫዋች ትምህርት ቤት ከቀየረ አንድ ዓመት ሳይጫወት ይቀመጥ ነበር፣ አሰልጣኙ ግን ዛሬ ሄዶ ነገ ያሰለጥን ነበር። ፖርታሉ በኦክቶበር 2018 ተከፈተ፣ በ2021 አንድ ጊዜ ያለቅጣት መዛወር ተፈቀደ፣ ኤፕሪል 2024 ላይ ደግሞ ዌስት ቨርጂኒያ ያለ ፍርድ ቤት ህጉን ካገደው በኋላ ትምህርቱ እስካለፈ ድረስ የፈለገውን ያህል ጊዜ መዛወር ተቻለ። እኔ ይሄን ሙሉ በሙሉ እደግፋለሁ፣ አሰልጣኙ የሚሄድበት በር ለልጁም መከፈት አለበት።

መልካም ጎኑም አለ፣ አልክድም። አሰልጣኝ ከርት ሲግኔቲ በ2023 መጨረሻ ከጄምስ ማዲሰን ወደ ኢንዲያና ሲሄድ 13 ተጫዋች ተከትሎታል። ኢንዲያና ማለት ስንት ዘመን ሲሸነፍ የኖረ ቡድን ነው፣ ጃንዋሪ 2026 ላይ አንድም ጨዋታ ሳይሸነፍ ሻምፒዮን ሆነ፣ ኳስ ወርዋሪው (ኳርተርባኩ) ፈርናንዶ ሜንዶዛም ከካል (ካሊፎርኒያ በርክሌይ) የተዛወረ ልጅ ነው። ከ2022 እስከ 2025 ሃይስማንን (የዓመቱን የኮሌጅ ምርጥ ተጫዋች ሽልማት) የወሰዱት ኬለብ ዊልያምስ፣ ጄደን ዳንኤልስ፣ ትራቪስ ሃንተርና ሜንዶዛ አራቱም ትምህርት ቤት የቀየሩ ናቸው። ይሄን ሰምታችሁ ግን ልባችሁ እንዳይነሳ። ቲቪ ላይ የሚወራው ስለነሱ ነው፣ ፖርታል ገብቶ ማንም ሳይደውልለት ስኮላርሺፑንም ያጣው ልጅ አይወራለትም። ከወንድሜ ጋር አብሮ የገባ አንድ ኳስ ተቀባይ ነበር፣ እጅግ ጨዋ ልጅ፣ እስከ ዛሬ ቡድን የለውም።

ተራ ተራውን ቶሎ ልበላችሁ። ፖርታል መግባት የፈለገ ልጅ ለትምህርት ቤቱ ኮምፕላያንስ ኦፊስ (የስፖርት ህጉ መከበሩን ለሚከታተለው ቢሮ) ኢሜይል ይጽፋል፣ እነሱ በሁለት የሥራ ቀን ውስጥ ስሙን የማስገባት ግዴታ አለባቸው። ያኔ በ2024 መስኮቱ፣ ማለት የመግቢያው ጊዜ፣ ከዲሴምበር 9 እስከ 28 ነበር። ስሙ ከገባች ደቂቃ ጀምሮ ግን የድሮው ትምህርት ቤት ስኮላርሺፑን ሴሚስተሩ ሲያልቅ ሊያቋርጠው ይችላል፣ ይሄን ለእማዬ ሳስረዳት ሌሊቱን አልተኛችም። ህጉ ልጁ ፖርታል ሳይገባ ሌላ ትምህርት ቤት አያናግረውም ይላል። በወረቀት ልክ ነው። እኔ ግን የምመክራችሁ የሃይስኩል አሰልጣኙ ቀድሞ እንዲያጠያይቅ ነው፣ እሱ የማንም ዩኒቨርሲቲ ተቀጣሪ አይደለም፣ ፈላጊ አለ የለም የሚለውን ሳታውቁ ስኮላርሺፕ ጥሎ መውጣት ትልቅ ድፍረት ነው። ለኛ ያደረገልንን ውለታ መቼም አልረሳም። ፈላጊ እንዳለ አረጋገጠልን፣ ወንድሜ ገባ፣ ተደወለለት፣ ሄዶ ጎበኘ፣ መረጠ።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ።

አዲሱ ትምህርት ቤት ስንጎበኝ የማያሳዩን ነገር አልነበረም። ጂሙ፣ መመገቢያው፣ ስሙ የተጻፈበት ማሊያ ሁሉ ተዘጋጅቶ ጠበቀው። እኔ የጠየቅኩት አንድ ነገር ነው፣ ክሬዲቱ ስንቱ ነው የሚቆጠርለት? የመለመለው አሰልጣኝ ፈገግ ብሎ "እሱን ለኛ ተዪው፣ አካዳሚክ ስታፋችን ይጨርሰዋል" አለኝ። በጽሁፍ ስጡኝ አልኩ። ትራንስክሪፕቱ በኦፊሻል ሳይመጣ አይገመገምም ተባልኩ። ትራንስክሪፕቱ እንዲላክ አደረግን፣ ታህሳሱ የበዓል እረፍት ነው ተባለ፣ ጃንዋሪ ሲገባ ሰው በዝቷል ተባለ፣ ክላስ ሊጀመር ስለሆነ ይፈርምና ይግባ ተባለ። ምርጫ አልነበረንም፣ የድሮው ቤት ተዘግቷል።

ህጉን ቁጭ ብላችሁ አስሉት። እኛ በሄድንበት ጊዜ የዲቪዥን 1 (የኮሌጅ ስፖርት ከፍተኛው ደረጃ) ተጫዋች ሦስተኛ ዓመቱን ሲጀምር ከዲግሪው 40 በመቶ፣ አራተኛውን ሲጀምር 60፣ አምስተኛውን ሲጀምር 80 በመቶ መጨረስ ነበረበት። የወንድሜ ዲግሪ 120 ክሬዲት ነው፣ ስለዚ በ2025 ሲዝን ለመጫወት 72 ያስፈልገዋል። እሱ 76 ይዟል። አልፏል ትላላችሁ አይደል? አላለፈም። የሚቆጠረው አዲሱ ቦታ ላይ ለተመዘገበበት ዲግሪ የሚሆነው ክሬዲት ብቻ ነው፣ ይሄን ማንም ሪክሩተር አይነግራችሁም።

ግምገማው የመጣው ዶርም ገብቶ ክላስ ከጀመረ በኋላ ነው። ከላይ በትልቁ "70 ክሬዲት ተቀብለናል" ይላል። ወንድሜ ደስ ብሎት ስክሪኑን አንስቶ ላከልኝ። እኔ ወደ ታች ወረድኩ። አካውንቲንግ አንድ፣ ጀነራል ኢሌክቲቭ (ለዲግሪው የማይቆጠር የምርጫ ኮርስ)። ስታትስቲክስ፣ ጀነራል ኢሌክቲቭ። ማይክሮ ኢኮኖሚክስ፣ ጀነራል ኢሌክቲቭ። የቢዝነስ ተማሪ እኮ ነው! ለቢዝነስ ዲግሪው የተቆጠረለት 48 ብቻ ነው። ስፕሪንግ ላይ 15 ቢወስድ 63፣ ሰመር ላይ 9 ጨምሮ 72፣ በመሀል አንዲት ኮርስ ብትበላሽበት የ2025 ሲዝን ቁጭ ብሎ ሊያይ ነው።

ሬጅስትራር ደወልኩ፣ የዲፓርትመንቱ ውሳኔ ነው አሉኝ። ዲፓርትመንቱ ጋ ደወልኩ፣ ሬጅስትራር ነው የሚልክልን አሉኝ። ኮምፕላያንስ ያለችው ሴትዮ 70 የሚለውን ብቻ አይታ "ችግር የለም፣ ብቁ ነው" ብላ ጻፈችልኝ፣ ቁጥሩን ዘርዝሬ ስልክላት ደግሞ አድቫይዘሩን አነጋግሪ አለች። የአትሌቶቹ አድቫይዘር መፍትሄው ቀላል ነው አለኝ፣ ቢዝነሱን ትቶ ወደ ጀነራል ስተዲስ (ከየትምህርቱ የተቀላቀለ ጠቅላላ ዲግሪ) ይቀይር፣ እዛ ላይ ሁሉም ይቆጠርለታል። አሰልጣኞቹም ተስማሙ። የባሰው ወንድሜም ተስማማ፣ ሰልችቶታል፣ መጫወት ነው የሚፈልገው።

እዚህ ላይ ነው እኔና እነሱ የተጣላነው። ኦፊሻል ምክራቸው ሜጀር ቀይር ነው፣ የኔ ምክር አትቀይሩ ነው። ለነሱ ልጁ እስከ ታንክስጊቪንግ፣ ሲዝኑ እስኪያልቅ ብቻ የሚያስፈልግ ሰው ነው። እማዬ ስልኩን ተቀብላኝ "የኔ አባት፣ ኳሱ ደስ ይበልህ፣ ግን ነገ ጉልበትህ ቢሰበር ይሄ ሰውዬ ሥራ ይቀጥርሃል?" አለችው። ዝም አለ። "እሺ እማ፣ እህቴ እንዳለችው ይሁን" አለ በመጨረሻ።

ከዛ ሦስቱ ኮርሶች ለዲግሪው እንዲቆጠሩ ፔቲሽን (ማመልከቻ) አስገባን። ለያንዳንዱ ኮርስ ሲላበስ (መምህሩ የሚሰጠው የትምህርቱ ዝርዝር) አምጡ ተባለ። የድሮው ትምህርት ቤት ግን እንደወጣ የኮርስ ዌብሳይቱን ዘግቶበታል፣ የተማረውን ማየት አይችልም። ለመምህራኖቹ አንድ በአንድ ጻፍን። የአካውንቲንግ መምህሩ እዛው ሌሊት ላከልን፣ እግዜር ይስጠው። የስታትስቲክሱ መምህር ጡረታ ወጥተዋል፣ ከዲፓርትመንቱ ጸሐፊ ለምነን ነው ያገኘነው። እኔ የሁለቱን ትምህርት ቤት ሲላበስ ጎን ለጎን ሰንጠረዥ አድርጌ፣ ምዕራፍ በምዕራፍ፣ የመማሪያ መጽሐፉን ሳይቀር አስቀምጬ ላክሁ። አካውንቲንግ አንድ እኮ የትም ስቴት ያው ነው፣ ዴቢት በግራ ክሬዲት በቀኝ፣ እኔ የምበላበት ሙያ ነው! ለዚህ ነው ዛሬ ነገ እያሉ እስከ ኤፕሪል ያቆዩኝ። በመሀል ያ "ለኛ ተዪው" ያለኝ አሰልጣኝ ራሱ ፌብሩዋሪ ላይ ሌላ ትምህርት ቤት ሥራ አግኝቶ ሄደ። ወንድሜ በአንድ ክረምት ሁለት ጊዜ አሰልጣኝ አጣ ማለት ነው።

ኤፕሪል ላይ ሦስቱም ኮርስ ለዲግሪው ተቆጠረ። 57 ሆነ፣ ስፕሪንጉን 15 ደምሮ 72፣ ሰመር ላይ ለማንኛውም ብሎ 6 ጨመረ። ኦገስት ላይ ብቁ ተባለ። በህይወቴ ብዙ ወረቀት ሰርቻለሁ፣ በዚህኛው ግን እኮራለሁ።

ስለዚ ስሙኝ፣ ልጁ ፖርታል ሳይገባ በፊት፣ ገና ትምህርት ቤቱ ውስጥ እያለ፣ የሁሉንም ኮርስ ሲላበስ አውርዳችሁ አስቀምጡ፣ ትራንስክሪፕቱንም አውጡ። የሚፈልጉት ትምህርት ቤቶች ሲመጡ "ስንት ተቀበላችሁ" ብላችሁ አትጠይቁ፣ "ለዚህ ዲግሪ ስንት ይቆጠራል" በሉ፣ መልሱን በኢሜይል ተቀበሉ። የመቶኛው ህግ በናንተ ጊዜ ስንት እንደሆነ ኮምፕላያንስ በጽሁፍ ያረጋግጥላችሁ። አሰልጣኝን ብላችሁ ደግሞ ትምህርት ቤት አትምረጡ፣ እሱ በሌለበትም ልጁ ሊኖርበት የሚችል ቦታ ነው መሆን ያለበት።

ስለ ገንዘቡ አጭር ነገር። ከጁላይ 2021 ጀምሮ ተጫዋቾች በስማቸው መነገድ ይችላሉ፣ ከጁላይ 2025 ጀምሮ ደግሞ ሃውስ በሚባለው የፍርድ ቤት ስምምነት ትምህርት ቤቶች ራሳቸው ለአትሌቶቻቸው ገንዘብ ማካፈል ተፈቅዶላቸዋል፣ በመጀመሪያው ዓመት እስከ 20.5 ሚሊዮን ዶላር ነበር። አብዛኛው ወደ ጥቂት ልጆች ነው የሚሄደው፣ እኛ ያየነው ልከኛ ነገር ነው። በዛው ስምምነት የቡድኑ ብዛት በ105 ስለተገደበ ያለ ስኮላርሺፕ ይለማመዱ የነበሩ ስንት ልጆች ተቀነሱ። ኤጀንት ነኝ ብሎ የመጣ ሰው 20 በመቶ ጠየቀን፣ በፕሮፌሽናሎቹ ሊግ በኤንኤፍኤል እንኳን የተጫዋች ኤጀንት ከኮንትራቱ ከ3 በመቶ በላይ መውሰድ አይችልም፣ አመሰግናለሁ ብዬ ሸኘሁት። የሚገባው ብር ላይ ደግሞ ታክስ ማንም አይቆርጥላችሁም፣ የግል ሥራ ገቢ ሆኖ ነው የሚመጣው፣ ከመደበኛው ታክስ ሌላ 15.3 በመቶ የሴልፍ ኢምፕሎይመንት ታክስ አለ። ሲሶውን ሳትነኩ አስቀምጡ፣ ኤፕሪል ላይ የሚያለቅስ ልጅ በየዓመቱ ቢሮዬ ይመጣል።

ህጉ አሁን ደግሞ ተቀይሯል። በፊት በስፕሪንግም የነበረው ሁለተኛ መስኮት ቀረ፣ ያለው አንድ ብቻ ነው፣ በ2026 ከጃንዋሪ 2 እስከ 16 ነበር። አሰልጣኝ ሲቀየር የሚሰጠውም 30 ቀን ወደ 15 ወርዷል፣ እሱም የሚጀምረው አዲሱ አሰልጣኝ ከታወቀ ከአምስት ቀን በኋላ ነው። ለአሰልጣኞች ተመችቷቸዋል። ለልጁ ግን ጃንዋሪ አጋማሽ ማለት ብዙ ትምህርት ቤት ክላስ የጀመረበት ነው፣ መስኮቱ ሲዘጋ የምዝገባው ጊዜም አብሮ ያልፋል። እኛን ያሰቃየን ጥድፊያ አሁን ህግ ሆኖ ጸደቀ ማለት ነው፣ ይሄን የወሰኑት ሰዎች አንድ ቀን ሬጅስትራር በር ላይ ቆመው አያውቁም።

በዚሁ በጃንዋሪው መስኮት ለሃይስኩል አሰልጣኙ ተደወለለት፣ ወንድሜን የሚፈልግ ትልቅ ስም ያለው ትምህርት ቤት አለ፣ ብሩም የተሻለ ነው። ወንድሜ ልቡ ተከፈለ፣ ደውሎ "ምን ትያለሽ?" አለኝ። አትሂድ አላልኩትም። ሲላበሶቹ በእጄ ናቸው፣ ትራንስክሪፕቱን ጨምሬ በአሰልጣኙ በኩል ላክሁና ለቢዝነስ ዲግሪው ስንት እንደሚቆጠር በአንድ ገጽ ጽፈው ይላኩልን አልኩ። ይደርሳል አሉ፣ ነገ አሉ፣ ልጁ ይግባና እንጨርሰዋለን አሉ። እስከ 16 ምንም አልመጣም። ወንድሜም አልገባም። አሁን 93 ክሬዲት አለው፣ ለ2026 ሲዝን የሚያስፈልገው 96 ነው፣ በዚህ ስፕሪንግ የያዛቸው አምስቱም ኮርሶች ለዲግሪው የሚቆጠሩ ናቸው፣ ራሴ አይቻቸዋለሁ።