የኮሚኒቲ ኮሌጅ ዶርም ከመፈረማችሁ በፊት ዲሴምበር ላይ የት እንደምታድሩ ጠይቁ

አይ-20፣ ማለትም ኮሌጁ ለተማሪ ቪዛ የሚልክላችሁ ወረቀት፣ ደርሷችሁ የኮሚኒቲ ኮሌጅ ዶርም ልትፈርሙ ከሆነ መጀመሪያ ይቺን አንብቡልኝ። እኔ ልመጣ ስል ስለ ኤምባሲ ኢንተርቪው የሚመክረኝ ሰው መዓት ነበር፣ ስለ ዶርም ግን ነገሬ ያለው የለም፣ ሁሉም "ዶርም ካገኘህማ ተገላገልክ" ነበር የሚለኝ። አልተገላገልኩም።

ያለሁት ካንሳስ ነው፣ የመጣሁት ኦገስት 2024 ነው። የኮሌጁን ስም አልጠራም፣ ሌላ ኮሌጅ ካሉ ልጆች ጋር ሳወራ የነሱም ያው ነው። መጀመሪያ ማወቅ ያለባችሁ ነገር፣ አብዛኛው የአሜሪካ ኮሚኒቲ ኮሌጅ ዶርም የለውም፣ ተማሪው የአካባቢው ልጅ ስለሆነ ከቤቱ እየተመላለሰ ነው የሚማረው። ዶርም ያላቸው በብዛት ከትልቅ ከተማ ራቅ ያሉት ናቸው፣ እና እዛ ስትደርሱ ከግቢ ውጪ የሚከራይ ክፍል እንደልብ አይገኝም፣ ባስ የለም፣ መኪና ከሌላችሁ ዋልማርት ለመሄድ እንኳን ሰው መለመን ነው። ስለዚህ "ካልተመቸኝ እወጣለሁ" ብላችሁ እንዳትፈርሙ። ሌላው ደግሞ እዚህ ካንሳስ ዶርሙን የሚሞላው ስፖርተኛው ነው፣ ለፉትቦል ለባስኬትቦል ለቤዝቦል ከየስቴቱም ከየአገሩም ያመጧቸዋል። የኔ ዶርም ሜትም የሴኔጋል ልጅ ነበር፣ የባስኬትቦል ተጫዋች፣ በበሩ ሲገባ አንገቱን ዝቅ አድርጎ። በኋላ ያዳነኝ እሱ ነው።

የወረቀቱ ሂደት ብዙ አያስጨንቅም። ሴቪስ ለሚባለው የውጭ ተማሪ መመዝገቢያ 350 ዶላር፣ ለቪዛ 185 ዶላር ከፈልኩ፣ ዶርሙን ኦንላይን ሞላሁ፣ ዲፖዚት ተከፈለ፣ አለቀ። የማጅራት ገትር ክትባት ይጠይቃሉ፣ አገር ቤት ተከትባችሁ ካርዱን ይዛችሁ ኑ። የቲቢ ምርመራ ላይ ግን አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ ልጅ ሆናችሁ ቢሲጂ የሚባለውን የቲቢ ክትባት ስለተከተባችሁ የቆዳው ምርመራ ቲቢ ሳይኖርባችሁ ፖዘቲቭ ሊያወጣችሁ ይችላል፣ ነርሷ ክንዳችሁን ከመውጋቷ በፊት የደም ምርመራ ነው የምፈልገው በሏት፣ እሱ በቢሲጂ አይሳሳትም። ቲኬት ስትቆርጡ ደግሞ አይ-20ው ላይ ካለው የመጀመሪያ ቀን 30 ቀን ቀድማችሁ መግባት ትችላላችሁ ይባላል፣ ሕጉ እውነት ነው፣ ዶርሙ ግን የሚከፈተው ትምህርት ሊጀመር ጥቂት ቀን ሲቀረው ነው፣ ስለዚህ ቲኬታችሁን በዶርሙ ቀን ቁረጡ። አንሶላ ከአገር ቤት አታምጡ፣ የዶርም ፍራሽ ትዊን ኤክስ ኤል የሚሉት ረዘም ያለ ነው፣ ተራው አይደርስም። ጋቢ ግን አምጡ፣ የካንሳስ ንፋስ ቀልድ አያውቅም።

ምግቡ ግዴታ ነው፣ ዶርም ከገባችሁ ሚል ፕላን፣ ማለትም የካፌ ምግብ ጥቅል፣ ሳትገዙ አይሆንም። ኮሌጁ ለአዲስ ተማሪ ትልቁን ፕላን ግዙ ይላል፣ እኔ ግን ጿሚ ከሆናችሁ ትንሹን ግዙ ነው የምለው። የመጀመሪያ ሳምንት ረቡዕ ዕለት ፎሶሊያ አይቼ ደስ ብሎኝ ሳህኔን ሞልቼ ተቀመጥኩ፣ በሹካ ገለጥ ሳደርገው በመሃል በመሃሉ ጥፍር የሚያክል ሮዝ ነገር አለ፣ የአሳማ ሥጋ ነው፣ አብሮ የተቀቀለ። እዚህ ፎሶሊያን እንደዛ ነው የሚሰሩት። ሩዙ ቅቤ አለው፣ ባቄላው ቤከን አለው፣ ለጿሚ የሚተርፈው ሰላጣ፣ ዳቦና ፒነት በተር ነው። ታዲያ ለዚህ ትልቁን ፕላን መክፈል ምን ይባላል? ማብሰያ ደግሞ ክፍል ውስጥ ክልክል ነው፣ ምድጃም ሩዝ ማብሰያም አይፈቀድም፣ ማይክሮዌቭ ብቻ። ሽሮ በማይክሮዌቭ ይሰራል፣ እንዴት እንደሆነ በኋላ እነግራችኋለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ።

እኔ ዶርሙን ከመፈረሜ በፊት አዲስ አበባ ሆኜ የውጭ አገር ተማሪዎችን ጉዳይ ለሚይዘው ኢንተርናሽናል ቢሮ ኢሜይል ጽፌ ጠይቄያለሁ። በትምህርት መሃል ወደ ኢትዮጵያ መመለስ አልችልም፣ አሜሪካ ዘመድ የለኝም፣ በእረፍት ጊዜ ዶርም መቆየት እችላለሁ ወይ ብዬ። የመጣልኝ መልስ አዎ፣ ዶርማችን የትምህርት ዓመቱን ሙሉ የእናንተ ነው የሚል ነው። እኔም አምኜ ዲፖዚቱን አስከፈልኩ። ያ ጊዜ ደግሞ ታስታውሳላችሁ፣ ጁላይ 29፣ 2024 ብር ተለቆ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንት ውስጥ 100 አለፈ፣ አባቴ ለአንድ ሴሚስተር ብሎ ያጠራቀመው ግማሽ ሊሆን ምን ቀረው። እያንዳንዷ ዶላር የት እንደምትሄድ አውቃለሁ።

ኖቬምበር ላይ የፎቃችን ስብሰባ ተጠራ። አር ኤው፣ በኛ አገር ፕሮክተር የምንለው ማለት ነው፣ እሱም ተማሪ ነው፣ ፈተና ባለቀ ማግስት ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ ዶርሙ ይዘጋል፣ የበር ካርዳችሁ መስራት ያቆማል፣ ፍሪጃችሁን አጽዱ፣ በጃንዋሪ አጋማሽ እንገናኝ አለን። ሌላው ልጅ እያጨበጨበ ወጣ፣ ቤቱ ሊሄድ ነዋ። እኔ ቀርቼ የምቆየው የት ነው አልኩት። ፎርም ነበረ፣ በኦክቶበር መጨረሻ ተዘግቷል አለኝ። ምን ፎርም? እኔ ኢሜይሌን በቀን ሁለት ጊዜ የማይ ሰው ነኝ፣ አልመጣልኝም፣ ግድግዳ ላይም አልተለጠፈም።

ዶርሙን የሚያስተዳድረው ሃውሲንግ ቢሮ ሄድኩ። ፊት ለፊት የተቀመጠችው ሴትዮ ስሜን እንኳን ሳትጠይቅ ፎርሙ ተዘግቷል አለችኝ፣ ኢሜይሉን ሳሳያት ይሄን የጻፈው ኢንተርናሽናል ቢሮ ነው እኛ አይደለንም አለች። ኢንተርናሽናል ቢሮ ሄድኩ። ያ ኢሜይሉን የጻፈልኝ ሰውዬ የራሱን ኢሜይል አንብቦ እኔ ለማለት የፈለግኩት ትምህርት ባለበት ጊዜ ነው አለኝ። ውሉ ላይም የሚቆጠረው ትምህርት ያለበት ቀን ብቻ ነው አለ። ታዲያ እኔ የጠየቅኩት ስለ እረፍት አይደል እንዴ? ስለ እረፍት ጠይቄ ስለ ትምህርት ጊዜ ነው የመለስክልኝ? እና ምን ቢለኝ ጥሩ ነው፣ አብዛኞቹ ልጆቻችን ከጓደኛቸው ቤተሰብ ጋር ነው የሚያሳልፉት፣ ጥሩ ልምድ ነው፣ አንተም ጓደኛ ጠይቅ። እስካሁን ሳስበው ደሜ ይፈላል። የመጣሁት ገና በኦገስት ነው፣ የሰው ቤት ወር ሙሉ አሳድሩኝ ብዬ የምጠይቀው ማንን ነው? የዶርም ብር ከፍዬ ለምን ለማኝ እሆናለሁ?

የሃውሲንግ ዳይሬክተሩን ላግኝ ስል ፈቃድ ላይ ነው ተባልኩ። ሲመለስ ቀጠሮ ያዝ። ስይዝ ተሰረዘ። ሆቴል ጠየቅኩ፣ የአንድ ሳምንቱ ብቻ የወር ምግቤን ይበላል። በዚህ መሃል ታንክስጊቪንግ የሚሉት የኖቬምበር መጨረሻ በዓላቸው መጣ፣ ካፌው ተዘጋ፣ የገና ጾም ኖቬምበር 24 ገብቷል፣ ግቢው ጭር ብሏል፣ እኔ ክፍሌ ቁጭ ብዬ ዳቦ በፒነት በተር እበላለሁ። ለእናቴ ስደውል የቱርክ ዶሮ ሥጋ አበሉን አልኳት። ጾም ነው አይደል እንዴ ስትለኝ ነው ያወቅኩት ምን እንዳልኩ።

ከዛ አንድ ማታ ዶርም ሜቴ ከልምምድ ሲመጣ አንተስ ዲሴምበር የት ልትሄድ ነው አልኩት። የት እሄዳለሁ፣ እዚሁ ነኝ፣ ጨዋታ አለን አለኝ። እንዴ፣ ዶርሙ ይዘጋል አይደል? ኧረ ለኛ አይዘጋም፣ ሁላችንንም አንደኛ ፎቅ በአንድ በኩል ይሰበስቡናል፣ ኮች ነው ፎርሙን ያስሞላን አለኝ። ለካ የባስኬትቦል ወቅት የዲሴምበሩን እረፍት አቋርጦ የሚሄድ ስለሆነ ልጆቹ ይቆያሉ፣ ፎርሙ የተበተነው ደግሞ በአሰልጣኞች በኩል ብቻ ነው። ኳስ የማይጫወት የውጭ አገር ልጅ መኖሩን ያሰበ ሰው የለም። ማሞቂያው ይሰራል፣ መብራት አለ፣ ጠባቂ አለ፣ ባዶ ክፍል ሞልቷል፣ ለኔ ግን ዝግ ነው።

በማግስቱ ኢሜይሉን ፕሪንት አድርጌ፣ ውሉን ፕሪንት አድርጌ፣ ያለ ቀጠሮ ዲን ኦፍ ስቱደንትስ የሚባለው የተማሪዎች ጉዳይ ኃላፊ ቢሮ ገብቼ ተቀመጥኩ። ዲኗ ወጥታ ምን ፈለግክ ስትለኝ ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን ዘርግቼ የጠየቅኩትን በጣቴ አሳየኋት፣ የተመለሰልኝንም አሳየኋት፣ ከዛ አንደኛ ፎቅ ክፍት እንደሚሆን አውቃለሁ አልኳት። አነበበች፣ ስልኩን አነሳች፣ ከሃውሲንግ ጋር ትንሽ አወራች፣ ትቆያለህ አለችኝ። በቃ። ስንት ቀን እንቅልፍ ያጣሁበት ነገር በአንድ ስልክ። ደስ ከማለት ይልቅ ያናደደኝ እሱ ነው፣ ከመጀመሪያው የሚቻል ነገር ነበር።

ቆይታው በነጻ አይደለም፣ በአዳር ይከፈላል፣ ካፌ የለም። ሽሮውን እዛ ነው የተማርኩት፦ ጎድጓዳ የማይክሮዌቭ ሳህን ውስጥ ሽንኩርት በዘይት ሽንኩርቱ እስኪለሰልስ ታሞቃላችሁ፣ ትንሽ በርበሬ፣ ውሃ፣ ከዛ ሽሮውን በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጣችሁ ትጨምራላችሁ፣ ግን በየደቂቃው እያወጣችሁ ካላማሰላችሁ ገንፍሎ ማሽኑን ይሞላዋል። የሴኔጋሉ ልጅ በዳቦ እየጠቀሰ ጨረሰብኝ።

ለፈረንጆቹ ገና ሳምንት ቡድኑም ወደየቤቱ ስለሚሄድ ህንጻው ጭራሽ ይዘጋል፣ እሷን ሳምንት ዊቺታ ከተማ ያሉ እትዬ፣ የእናቴ የማኅበር ጓደኛ እህት፣ ወሰዱኝ። ሰው ቤት መሄድ ነውር አይደለም፣ ሳምንትና ወር ግን አንድ አይደለም። "አንተ ልጅ፣ እስካሁን ለምን አልደወልክም?" ብለው ተቆጡኝ፣ በፈረንጆቹ ገና ቀን ቤታቸው ምስርና ጎመን ነበር የተሰራው።

በዚህ አላበቃም። ጃንዋሪ ላይ ለስፕሪንግ ሴሚስተር ልመዘገብ ስል አካውንቴ ሆልድ ተደርጓል፣ መመዝገብ እንዳልችል ታግዷል ማለት ነው። ያ የአዳር ሂሳብ እንዳልተከፈለ ሆኖ ገብቷል፣ ደረሰኝ በእጄ አለ። ኤፍ-1 በሚባለው የተማሪ ቪዛ ሆናችሁ በሙሉ ጊዜ፣ ማለትም ቢያንስ 12 ክሬዲት፣ ካልተመዘገባችሁ ስታተሳችሁ፣ ማለትም እዚህ በሕጋዊነት የመቆየት መብታችሁ፣ ነው አደጋ ላይ የሚወድቀው፣ ሃውሲንግ ቢሮ ግን ሲስተሙ እስኪያስተካክል ጠብቅ ይላል። አልጠበቅኩም፣ ደረሰኙን ይዤ ቀጥታ ዲኗ ጋ፣ ሆልዱ በዛው ቀን ተነሳ።

ስለዚህ እኔን ከጠየቃችሁ፣ ኦረንቴሽን ላይ መጀመሪያ አር ኤውን አናግሩ፣ ከዛ ሃውሲንግ፣ ከዛ ወደ ላይ፣ በተራ በተራ ሂዱ ይሏችኋል። አር ኤውም ተማሪ ነው፣ ምንም ሥልጣን የለውም። ሁለት ሰው ወደ ሌላ ሰው ከመራችሁ ሦስተኛውን አትጠብቁ፣ ዲን ኦፍ ስቱደንትስ ግቡ። ትህትና ጥሩ ነው፣ አንገት ደፍቶ እሺ ማለት ግን እዚህ አገር እንደተስማማህ ነው የሚቆጠረው። ሌላው ደግሞ ሁለተኛ ዓመት ላይ ከግቢ ውጡ፣ ይረክሳል ይላሉ። መኪና ላለው ልጅ ይሁን፣ ለሌላው ግን መኪናና ኢንሹራንስ ሲደመር አይረክስም፣ እኔ ዶርም ቆይቼ አር ኤ ለመሆን አመለከትኩ፣ አሁን አር ኤ ነኝ፣ የክፍሌን አልከፍልም። ሥራው ግን ከኤፍ-1 የ20 ሰዓት ገደብ ውስጥ ሊቆጠር ስለሚችል ካፌ ወይ ላይብረሪ ደርባችሁ ከመስራታችሁ በፊት ጠይቁ። በኔ ፎቅ የእረፍት ፎርሙ ሴፕቴምበር ላይ በእያንዳንዱ በር ስር ይገባል፣ ስፖርተኛ ሆነም አልሆነም፣ ይሄን በመስራቴ ኮርቻለሁ።

ኢሜይል ስትጽፉ ለኢንተርናሽናል ቢሮ ብቻ ሳይሆን ለሃውሲንግ ቢሮ ጻፉ፣ እነሱ ናቸው በሩን የሚዘጉት። በጥቅሉ አትጠይቁ፣ ቀን ጠርታችሁ ጠይቁ፦ ዲሴምበር 20 ማታ የበር ካርዴ ይሰራል ወይ፣ ታንክስጊቪንግ ሳምንት ካፌ ክፍት ነው ወይ፣ ስፕሪንግ ብሬክ በሚሉት የሴሚስተር መሃል እረፍትስ፣ በሰመር እረፍት ላይስ፣ በአዳር ስንት ነው፣ ፎርሙ መቼ ይከፈታል፣ መቼ ይዘጋል፣ ለማን ነው የሚላከው። ባስኬትቦል ቡድን ካላቸው ልጆቹ እረፍት ላይ የት እንደሚያድሩም ጠይቁ። ዲፖዚቱን መልሱ ሲመጣ ነው የምትከፍሉት፣ መልሱን ደግሞ ፕሪንት አድርጋችሁ ከአይ-20ው ጋር አንድ ፎልደር ውስጥ ያዙት።