ሳይተኙ ላደሩ ሰዎች የቆመ ድንጋይ

መጀመሪያ ሳየው የመቃብር ሐውልት መስሎኝ ነበር። ጃፓን ውስጥ ከማትሱሞቶ ከተማ በባቡር ሆታካ ወርጄ፣ ብስክሌት ተከራይቼ በሩዝ ማሳዎቹ መሃል እየነዳሁ ነው። አንድ መታጠፊያ ላይ እስከ ወገቤ የሚደርስ ድንጋይ ቆሟል። ፊቱ ላይ ወንድና ሴት እጅ ለእጅ ተያይዘው ተቀርጸዋል። «ምስኪኖች፣ አብረው ተቀብረው» ብዬ አማተብኩና አለፍኩ። ትንሽ እንደሄድኩ ሌላ ጥንድ። ደግሞ ሌላ። አራተኛው ጋ ስደርስ ማማተቡን ተውኩት።

ማታ ለጎረቤቴ ስነግራቸው እስኪያስላቸው ሳቁ። ሰማንያን ያለፉ ሴት ናቸው፤ የተወለዱት እዚያው ሆታካ ነው። ባለቤቴ ትምህርት ቤት ሲውል ጃፓንኛ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። «የሞቱ ሰዎች አይደሉም፤ ዶሶጂን ናቸው» አሉኝ። የመንገድ አማልክት ናቸው። በሽታና ክፉ ነገር እንዳይገባ መንደሩ ጫፍ ላይ የሚቆሙ ዘበኞች በላቸው። ጥንድ ስለሆኑ ትዳርና ልጅም ይለመናሉ። ሆታካ ባለችበት በአዙሚኖ ከተማ ውስጥ ብቻ ወደ 400 የሚሆኑ አሉ።

ዶሶጂን ይሰረቅም ነበር አሉ። ዕድል ያመጣል የተባለውን የሌላ መንደር ሰዎች በሌሊት ተሸክመውት ይሄዳሉ። ግን እንደ ሌብነት አይታይም፤ ሙሽራ እንደመውሰድ ነው። አንዳንዱ መንደር ታዲያ ድንጋዩ ላይ ጥሎሹን ጭምር ቀርጾበታል፤ ይህን ያህል ሪዮ (የድሮው የጃፓን ገንዘብ) ብሎ። ከወሰዳችሁ ክፈሉ ነው ነገሩ።

እኔን የያዘኝ ግን ሌላ ድንጋይ ነው።

በሚቀጥለው እሑድ በነጯ ትንሽ ፒካፓቸው ይዘውኝ ሄዱ። ወላጆቻቸው ቤት አሁን ሰው አይኖርበትም፤ ጓሮው ላይ ባሮ ሽንኩርት ይተክላሉ። እዚያው አጠገብ፣ ከዶሶጂኑ ጎን፣ ምስል የሌለው ሻካራ ድንጋይ አለ። ሁለት ትልልቅ ፊደላት ብቻ ከላይ ወደ ታች ተጽፈውበታል። «ኮሺን» ይላል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በሰው ሰውነት ውስጥ ሦስት ትሎች ይኖራሉ። ኮሺን በድሮው አቆጣጠር በየ60 ቀኑ የሚመጣ ቀን ነው። የዚያ ቀን ሌሊት ሲመጣ፣ ሰውየው እንቅልፍ ሲወስደው ሾልከው ይወጡና ኃጢአቱን ለሰማዩ ጌታ ያሳብቃሉ። ጌታውም ዕድሜውን ይቀንስበታል። መፍትሔው አለመተኛት ነው። ሰውየው ካልተኛ ትሎቹ መውጫ የላቸውም። እምነቱ ሥሩ የቻይና ዳኦይዝም ነው፤ በኤዶ ዘመን (በፈረንጆቹ ከ1603 እስከ 1868) ገበሬው ቤት ድረስ ገባ።

ብቻውን ቁጭ ብሎ የሚያነጋ ደግሞ የለም። ስለዚህ ጎረቤት ተሰባሰበ። ተረኛው ቤቱን ያዘጋጃል፣ ግድግዳው ላይ የአምላኩ ሥዕል ይሰቀላል፣ ይበላል፣ ይጠጣል፣ እስኪነጋ ይወራል። ይህን ሲነግሩኝ «ማኅበር ነዋ!» ብዬ በአማርኛ ጮኽኩ። እናቴ ቤት የሚካኤል ማኅበር ተራ ሲደርስ ጠላው፣ ዳቦው፣ በነጭ ጨርቅ ተሸፍኖ የሚመጣው ጽዋ ትዝ አለኝ። ይህን በጃፓንኛ ለማስረዳት ግማሽ ሰዓት ፈጀሁ፤ መጨረሻ ላይ የገባቸው ጠላው ብቻ ይመስለኛል።

ሦስት ዓመት ሙሉ፣ 18 ሌሊት ሳያቋርጡ የተሰበሰቡ ማኅበርተኞች ድንጋይ የማቆም ልማድ ነበራቸው። ጎረቤቴ ጎንበስ ብለው ከታች ያሉትን ትንንሽ ፊደላት በአውራ ጣታቸው ጠረግ ጠረግ አደረጉልኝ። «ኮጁ» ይላል፤ ማኅበርተኞቹ ማለት ነው። የሹም ስም የለ፣ የመነኩሴ ስም የለ። ጎኑ ላይ በጃፓን የዘመን አቆጣጠር ካንሴይ 12 ተጽፏል፤ በፈረንጆቹ 1800 ነው። ዓመቶቹም እንደ ቀኖቹ በ60 ስለሚዞሩ 1800 ራሱ የኮሺን ዓመት ነበር። ከዚያ 1860፣ 1920፣ 1980 እያለ ይሄዳል። በነዚህ ዓመቶች የቆሙ ድንጋዮች ብዙ ናቸው።

አንዳንዱ ኮሺን ላይ ሦስት ጦጣዎች አሉ፤ ዓይኑን የያዘ፣ ጆሮውን የያዘ፣ አፉን የያዘ። በስልካችን የምንላላካቸው እነዚያው ናቸው። ኮሺን ውስጥ ያለው «ሺን» ጦጣ ነው። ጦጣ በጃፓንኛ «ሳሩ» ይባላል፤ በድሮው አነጋገር ደግሞ «ዛሩ» ግሥን ወደ «አይደለም» የሚያዞር ማፍረሻ ነው። አላይም፣ አልሰማም፣ አልናገርም። ሰምና ወርቅ ማለት ነው እንግዲህ።

«እናቴ ግን» አሉ ሴትዮዋ፣ «ሌሊቱን ሙሉ ሲያሙ ነው የሚያድሩት ትል ነበር።» ትሎቹ እንዳያሳብቁ ነቅቶ ሰው ማማት!

ስንመለስ አንድ አጠር ያለ ድንጋይ በመስኮት አሳዩኝ። ባቶ ካኖን ነው፤ ራሷ ላይ የፈረስ ራስ ያላት ካኖን፣ የቡድሃ እምነት የምሕረት አማልክት። ከኢቶይጋዋ ባሕር ዳር ጨው ወደ ማትሱሞቶ በሚጫንበት መንገድ ላይ እንዲህ ያሉ ብዙ አሉ፤ ብዙዎቹ ለሞተ ፈረስ የቆሙ ናቸው። ለፈረስ! አያቴ ይህን ብትሰማ ስለ በቅሎዋ ብዙ ትናገር ነበር።

ከመመለሳችን በፊት የሆነውን ዘለልኩ። የወላጆቻቸው ቤት ገብተን ነበር። ከቁምሳጥኑ ጠባብ ረጅም የእንጨት ሳጥን አወጡ። ውስጡ የተጠቀለለ ሥዕል አለ። ምንጣፉ ላይ ዘረጉት፤ የኮሺኑ አምላክ ሾሜን ኮንጎ፣ ፊቱ ሰማያዊ፣ ክንዱ ስድስት። የማኅበሩ ነው፤ እንደኛ ጽዋ ከቤት ቤት በተራ ይዞር ነበር። አንዱ ሞተ፣ አንዱ ቶኪዮ ልጆቹ ጋ ገባ፣ የመጨረሻው ተራ የአባታቸው ሆነ።

«የምሰጠው ቤት አጣሁ» አሉና ጠቅልለው ክሩን አሰሩት።